መንጋን ማብዛትና ዘርን መጠበቅ

አንባቢ ሆይ፤ የዛሬው ነገራችን ስለ በግ እርባታ ነው ብልህ «እኔ የቢሮ ሰው ነኝ፤ ከበግ ጋራ ምን አገናኘኝ?» ትል ይሆናል። ነገር ግን ከደመወዙ ጥቂት በጥቂት ቈጥቦ፣ በአገር ቤት ካሉት ወላጆቹ ወይም ወንድሞቹ ጋራ በግ የሚያረባ ወጣት ሠራተኛ ጥቂት አይደለም። ተማሪውም ለዕረፍት ወደ ቤቱ ሲመለስ «አንተ የተማርክ ነህና ምከረን» መባሉ አይቀርም። ምክሩ የተሳሳተ እንደ ሆነ ደግሞ የሚጠፋው የመካሪው ወረቀት ሳይሆን የቤተሰቡ ሀብት ነው።

ስለዚህ ነገሩን በምሳሌ እንያዘው። በመንዝ 20 እናት በጎችና አንድ አውራ አሉህ እንበል። ሁሉም የመንዝ ዘር ናቸው፤ የእያንዳንዱ አባትና እናት በደብተር ተጽፎ ይታወቃል። የመንዝ በግ አካሉ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ላት አለው፣ ጠጕሩ ሻካራ ሆኖ ለባናና ለዝተት ይሆናል፣ የደጋውን ብርድና የግጦሹን ማነስ ችሎ ይኖራል። አሁን ታላቅ ወንድምህ «ከውጭ አገር ዘር የሆነ ትልቅ አውራ ገዝተን መንጋውን እናብዛ» ብለው ላኩብህ። ምን ትመልስላቸዋለህ?

ከመመለስህ በፊት እርሳስህን አንሣና አስላ። ሃያዎቹ እናቶች በዓመት አንድ አንድ ወለዱ እንበል። ከሃያው ግልገል አራቱ በበሽታና በብርድ ቢሞቱ 16 ይቀራሉ፤ ከእነዚህ ስምንቱ ሴቶች ናቸው። አራቱ ያረጁትንና የሞቱትን እናቶች ይተካሉ፤ የተቀሩት አራቱ የመንጋው ዕድገት ናቸው። አሁን ከሃያዎቹ አሥሩን ለውጭው አውራ ስጥ። ንጹሑን የመንዝ ዘር የሚወልዱት አሥሩ ብቻ ሆኑ፤ ከእነርሱ የምታገኛቸው ሴት ግልገሎችም አራት ብቻ ናቸው። አራቱም ለመተኪያ አለቁ። በግቢህ የሚታየው ግልገል ቍጥሩ ያው ነው፤ የደብተርህ መንጋ ግን ባለበት ቆመ። ከአሥር በላይ ከሰጠህ ወደ ኋላ ይሄዳል። ለማዳቀል የሰጠሃት እያንዳንዷ እናት ለዘሯ መብዛት የማትሠራ እናት ናት ማለት ነው።

እንግዲህ በፊትህ ያሉትን መንገዶች ተራ በተራ እንመልከት።

አንደኛው፣ በንጹሕ ዘሩ መቀጠል ነው። የዚህ መንገድ ጠላት የሥጋ ዝምድና ነው። አውራው የገዛ ልጁን ቢያጠቃ፣ በሚወለደው ግልገል ውስጥ ከአባትና ከእናት ከሚወረሱት ጥንድ የዘር ቅንጣቶች ከመቶ 25 ያህሉ የዚያው የአንድ በግ ግልባጭ ይሆናሉ ተብሎ ይገመታል። በአባት ብቻ የሚገናኙ ወንድምና እኅት ሲጠቃቁ ደግሞ 12 ተኩል ነው። ፍሬውም ደካማ ግልገል፣ የሚዘገይ ዕድገት፣ የሚቀንስ ወሊድ ነው። መድኃኒቱ ግን ውድ አይደለም፤ ሴት ልጆቹ ለአውራ ሳይደርሱ አውራውን ከጎረቤት አውራ ጋራ መለዋወጥ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ2009 ጀምሮ በመንዝ፣ በቦንጋ፣ በሆሮና በአፋር የተጀመረው የማኅበረሰብ የበግ ማሻሻያ ሥራ መሠረቱ ይኸው ነው፤ ገበሬዎች ግልገሎቻቸውን እያስመዘኑና እያስመዘገቡ የተሻሉትን አውራዎች አብረው ይመርጣሉ፤ የተመረጡትንም በጋራ ይጠቀሙባቸዋል።

ሁለተኛው፣ የአንተን ንጹሕ አውራ ዘራቸው ለተቀላቀለ እናት በጎች መስጠት ነው። ከገበያ ጤነኛ እናቶችን ገዝተህ በሌላ ገጽ ትመዘግባቸዋለህ። የመጀመሪያዎቹ ልጆች ግማሽ ናቸው፤ ሴቶቹ እንደ ገና ከሌላ ንጹሕ አውራ ሲወልዱ ከመቶ 75፣ ቀጥሎ 87 ተኩል፣ በአራተኛው ትውልድ 94 ያህል ይደርሳሉ። አንዱ ትውልድ ዓመት ተመንፈቅ ወይም ሁለት ዓመት ስለሚወስድ ሥራው የስድስት ወይም የስምንት ዓመት ሥራ ነው። ከማዳቀል መንገዶች ሁሉ የዘሩን መንጋ በእውነት የሚያበዛው ይህ ብቻ ነው። ለችኩል ሰው ግን አይሆንም፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ?

ሦስተኛው፣ ለገበያ ብቻ ማዳቀል ነው። ከመንጋው ደከም ያሉ ጥቂት እናቶችን ለይተህ ለትልቁ አውራ ትሰጣለህ፤ የሚወለደውንም ወንዱንም ሴቱንም ሳታስቀር ትሸጣለህ። የመጀመሪያው ድቅል ከወላጆቹ አማካይ የሚበልጥ ብርታት ይኖረዋል። ነገር ግን ድቅልን ከድቅል ብታጣቃ ከዚያ ብርታት ግማሹ ይጠፋል። ስለዚህ «ይህችስ ታምራለች» ብለህ አንዲቱን ድቅል ከመንጋው ያስቀረህ ዕለት ደብተርህን ቀደህ ጣልኸው ማለት ነው። ደግሞም ትልቅ አካል ትልቅ ቀለብ ይፈልጋል፤ መኖ በሌለበት ትልቅ በግ የከሳ በግ ነው። የትልቅ አውራ ግልገልም ለትንሽ እናት በምጥ ጊዜ አስጨናቂ ሊሆን ይችላል፤ የመጀመሪያ ወሊዷ ለሆነች እናት አይሰጥም።

ይህ ሁሉ በአገራችን የተሞከረ ነገር ነው። በደብረ ብርሃን የበግ ማራቢያ ማእከል እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1967 ተቋቋመ፤ ኮሪዴል፣ ሃምፕሻየርና ሮምኒ የሚባሉት የውጭ ዘሮች ከመንዝ በግ ጋራ ተዳቀሉ። ገበሬው ግን ላት የሌለውን በግ አልወደደም፤ ገበያውም መልክና ላት ያያልና። በኋላ ከእስራኤል አዋሲ የተመረጠው ላታም ስለሆነና የመንዙን በግ መልክ ስለሚቀርብ ነው። በማራቢያ መንጋዎቹ ውስጥ ማዲ ቪስና የሚባል፣ ቀስ ብሎ ሳንባን የሚጎዳና መድኃኒት የሌለው በሽታ ተገኝቶ አውራ የማከፋፈሉን ሥራ አሰናክሏል። ከዚህ የምንማረው፣ እንግዳ አውራ ደም ብቻ ሳይሆን በሽታም ይዞ ሊገባ መቻሉን ነው። ሳይመረመር ከመንጋ አይቀላቀልም።

ስለ ዶርፐርም ትሰማ ይሆናል። በ1930ዎቹ በደቡብ አፍሪካ ከእንግሊዙ ዶርሴት ሆርንና ራሰ ጥቁር ፋርስ ከሚባለው በግ ተዳቅሎ የወጣ ነው። ስሙ ፋርስ ይባል እንጂ ይህ ራሰ ጥቁር በግ የዘሩ ምንጭ የሶማሌ ምድር ነው። እነዚያ ሰዎች የእኛን አካባቢ በግ ወስደው፣ መዝግበውና መርጠው አዲስ ዘር አወጡበት። ዘር ከልጓም ይስባል ይባላል፤ ወዴት እንደሚስብ የሚያውቀው ግን የመዘገበ ሰው ብቻ ነው።

እንግዲህ ለታላቅ ወንድምህ እንዲህ ብለህ መልስ፦ «ጋሼ፤ መንጋችን 40 እናቶች እስኪሞላ ድረስ ትልቁ አውራ ይቆየን። ዘንድሮ አውራችንን ከጎረቤት ጋራ ይለዋውጡ። በአውራው መግዣ ብር አራት ጤነኛ እናቶች ይግዙና ለብቻ ይመዝገቡልን። አርባ ስንሞላ ደከም ያሉትን ስምንቱን ለትልቅ አውራ እንሰጣለን፤ የሚወለደውንም ሁሉ ጆሮውን ምልክት አድርገን፣ ወንዶቹን አኮላሽተን ለበዓል ገበያ እናወጣለን። የወሊዱን ቀን፣ የእናቱንና የአባቱን ቍጥር ግን ከዛሬ ጀምረው አያስቀሩብኝ።»

ይህን ስትልክም አንድ ደብተርና ሁለት እርሳስ ጨምረህ ላክላቸው።