ወፍጮው በቆመ ቁጥር መብራት ኃይል አይወቀስ

የፎገራን ሩዝ ወረታ ላይ የሚፈለፍልም ሆነ ስንዴ ደብረ ታቦር ላይ የሚፈጭ ባለሀብት፣ ማሽኑ ድንገት ሲቆምበት የመጀመሪያው ቃሉ «መብራት ኃይል» ነው። የኃይል መቆራረጥ የአገሩ ሁሉ ችግር በመሆኑ ወቀሳው ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ይሁን እንጂ አንዳንዱ ጣጣ ከቆጣሪው ወዲህ፣ በባለሀብቱ ግቢ ውስጥ የሚፈጠር ነው።

በፋብሪካ ውስጥ ሁለት ዓይነት ሽቦ ይዘረጋል። አንደኛው 380 ቮልት ተሸክሞ ሞተር የሚያዞረው የኃይል ኬብል ሲሆን፣ ሁለተኛው ብዙውን ጊዜ በ24 ቮልት የሚሠራውና «ተነሣ፣ ቁም፣ ቋቱ ሞልቷል» የሚለውን መልእክት የሚያመላልሰው የመቆጣጠሪያ ሽቦ ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ታስረው ረጅም ርቀት ሲጓዙ የኃይሉ ኬብል ሁከት ወደ ቀጭኑ ሽቦ ይጋባል። ትልቁ ሞተር ሲነሣ ያልሞላው ቋት «ሞላ» ይባላል፤ ማሽኑም ይቆማል። የሞተር ፍጥነት የሚቆጣጠር ኢንቨርተር ካለ ደግሞ ኃይሉን በሰከንድ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ እየቆራረጠ ስለሚልክ ነገሩ ይብሳል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። በሰዓት 20 ኩንታል የሚፈጭ ወፍጮ በቀን ሦስት ጊዜ ለ20 ደቂቃ ቢቆም፣ በ26 የሥራ ቀናት 520 ኩንታል ሳይፈጭ ይቀራል። በማሽኑ ውስጥ የታጨቀውን እህል በእጅ የሚያጸዳው ሠራተኛ ደመወዝም አለ። ከሁሉም የሚከፋው ግን ያለ ትእዛዝ የሚቆም ማሽን ያለ ትእዛዝ ሊነሣም መቻሉ ነው። ያን ጊዜ የሚጠፋው ኩንታል ሳይሆን የሰው እጅ ነው።

መለያው ከባድ አይደለም። ማሽኑ ሲቆም አምፖሉ እንደበራ ከሆነ፣ ጎረቤት ያለውም ወፍጮ ከሠራ፣ መቆሙም ትልቅ ሞተር ከሚነሣበት ደቂቃ ጋር ከገጠመ ጥርጣሬው ወደ ራስ ሽቦ መዞር ይኖርበታል።

መፍትሔውም አዲስ ማሽን መግዛት አይደለም። የታወቁ የኢንቨርተር አምራቾች መመሪያ የመቆጣጠሪያው ሽቦ ከተራው የኃይል ኬብል 20 ሳንቲሜትር፣ ከኢንቨርተር ወደ ሞተር ከሚሄደው ደግሞ 50 ሳንቲሜትር እንዲርቅ ያዛል። መሻገር ግድ ከሆነም ቀጥ ባለ ማዕዘን እንዲሻገር፣ ከኢንቨርተር ወደ ሞተር የሚሄደውም ኬብል መከለያ ያለውና ከመሬት መስመር ጋር በሚገባ የተያያዘ እንዲሆን ይመክራል። በተከላ ወቅት ይህ ሁሉ ከአንድ ተጨማሪ የኬብል መደርደሪያና ከጥቂት ሜትር ሽቦ ብዙም አይበልጥም። ሥራው ካለቀ በኋላ ግን ግድግዳ ማፍረስንና ምርት ማቆምን ይጠይቃል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ባለሀብቱ ዝቅተኛውን ዋጋ ያቀረበውን ተቋራጭ ከመምረጡ በፊት፣ ሁለቱ ሽቦዎች ተለያይተው እንደሚዘረጉ በውሉ ላይ ማስጻፍ፣ የመጨረሻውንም ክፍያ ሁሉም ሞተሮች እህል ጭነው አንድ ላይ ከተፈተኑ በኋላ መክፈል ይጠቅመዋል። ያገለገለ ወፍጮ የሚያሻሽጥ ደላላም የሞተሩን የፈረስ ጉልበት ብቻ ሳይቆጥር የቦርዱን በር ከፍቶ ያሳይ። ሽቦው ተዘበራርቆ የታጨቀበት ቦርድ ከዋጋ የሚያስቀንስ ጉድለት ነው።