የአያት ሞተርና የዘይት ቁጥር

ባለፈው ሳምንት ስለ ሕፃናት ትኩሳት እንደምቀጥል ቃል ገብቼ ነበር። ይቅርታ አድርጉልኝ፤ የዛሬው ስለ ሞተር ዘይት ነው። ነርስንና የሞተር ዘይትን ምን አገናኛቸው የምትሉ፣ ትንሽ ታገሡኝ።

እዚህ ፊልቱ ጎረቤቴ የሆኑ አያት አሉ። ቤተሰቡ ገናሌ ወንዝ ዳር ሽንኩርትና በቆሎ ያለማል። ውኃውን የሚስበው ፍየሎች ተሸጠው የተገዛ አሮጌ የናፍታ ፓምፕ ነው። ሰሞኑን የልጅ ልጃቸው መጣና «ኤዶ፣ እስቲ ይህን ይዩልን» ብሎ ሁለት ዘይት ፊቴ ደረደረ። አንዱ 15 ደብልዩ 40 ይላል፣ ሌላው 20 ደብልዩ 50። ሻጩ «ሞተሩ ካረጀና ካጨሰ ወፍራሙን አድርጉበት» ብሏቸዋል። ሽንኩርቱ ገና ሥር እየሰደደ ነው፤ ፓምፑ በዚህ ፀሐይ አንድ ሳምንት ቢቆም የወቅቱ ልፋት ሁሉ ገደል ገባ።

መርፌ ሲወጋ የኖረ ሰው ውፍረትን ያውቃል። ቤንዛቲን ፔኒሲሊንን በቀጭን መርፌ ልግፋ ብትሉ ይደፈንባችኋል። ውኃ የመሰለውን መድኃኒት ግን ቀጭኑም ያሳልፈዋል። ዘይትም ከዚህ አይርቅም። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ዘይቱ ይወፍራል። ከ«ደብልዩ» በፊት ያለው ቁጥር ዘይቱ በቅዝቃዜ ጊዜ የሚኖረውን ጠባይ ይነግረናል፤ ፊደሏም የፈረንጆቹ ብርድ ወቅት መጠሪያ መነሻ ናት። ከኋላ ያለው ቁጥር ደግሞ ሞተሩ ሲግል፣ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚለካውን ውፍረት ያሳያል። ለእኛ ለቆላ ሰዎች ይበልጥ የሚያሳስበን ይህ የኋለኛው ነው።

ሻጩ ጨርሶ አልተሳሳተም። ሞተር ሲያረጅ ፋሻውና ኩሽኔታው ይበላሉ፣ ክፍተቱ ይሰፋል፣ ዘይቱ ሾልኮ ሲያልፍ ግፊቱ ይወርዳል። ያን ጊዜ 50 ቁጥር ሊደግፈው ይችላል። ከልክ በላይ የወፈረ ዘይት ግን ማለዳ ሞተሩ ሲነሣ ቶሎ አይደርስም፤ ሳይደርስ በቆየባት አፍታም ብረት ከብረት ይፋተጋል። የጣና ባለ ጀልባዎችም ቢሆኑ ይህን ቢያስቡበት ደግ ነው፤ ጀልባ ውስጥ የተተከለ አሮጌ ናፍታ ሞተር እንደ ፓምፕ ሁሉ ጭነት ተሸክሞ ለሰዓታት ሳያርፍ ይሠራልና።

እኔ ግን መድኃኒት ከማዘዜ በፊት ምርመራ እወዳለሁ። «ጭሱ ምን ዓይነት ነው?» አልኩት። ሰማያዊ ቢሆን ዘይት እየተቃጠለ ነው። ነጭ ከሆነ ውኃ ገብቷል ወይም ናፍታው በደንብ አልነደደም። ልጁ «ጥቁር ነው» አለኝ። ሳል ሁሉ ቲቢ አይደለም! ጥቁር ጭስ ብዙ ጊዜ ሞተሩ አየር አጥሮታል፣ ወይም ከአቅሙ በላይ ተጭኖበታል ማለት ነው፤ ይህን ደግሞ የዘይት ውፍረት አይፈውሰውም። ሄደው የአየር ማጣሪያውን ሲከፍቱ ቀይ አቧራ ጠቅጥቆታል። ሲጸዳ ጭሱ ቀነሰ።

«ዘይቱ የተቀየረው መቼ ነው?» ስል ደግሞ ዝም ዝም ሆነ። ሲጎድል ይጨምራሉ እንጂ ቀይረው አያውቁም። ብዙዎቹ ትናንሽ የፓምፕ ሞተሮች በየ100 ሰዓቱ ገደማ ይቀየርልን ይላሉ። በቀን 8 ሰዓት የሚሠራ ፓምፕ ይህን ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ይደርስበታል። የዘይት መለኪያው ሳይጨምሩበት ከፍ ካለ ናፍታ ገብቶ እያቀጠነው ነው፤ ወተት ከመሰለም ውኃ ነው። ሁለቱም ከመካኒክ ያደርሳሉ። ሞተሩ ላይ የተለጠፈው ሰሌዳ 40 ስለሚል 15 ደብልዩ 40ውን ያዙ አልኩ። ለናፍታ ሞተር የተሠራ ስለመሆኑም በ«ሲ» የሚጀምረውን ምልክት አይተናል፤ በ«ኤስ» ብቻ የሚጀምረው የቤንዚን ነው።

ይህን ሁሉ ብዬ ልወጣ ስል ነው ዓይኔ ከማጀቱ ጥግ ያረፈው። ከወተት ዕቃው አጠገብ፣ በሃይላንድ ጠርሙስ፣ ጥቁር ዘይት። «ለግመል እከክ ይሆናል ብዬ ነው» አሉ አያት። የሦስት ዓመቱ የልጅ ልጃቸው እግራቸው ሥር ይጫወታል።

በሥራ ዘመኔ ናፍታ የጠጣ ልጅ በግድ አስታውከውት አምጥተውልኝ ያውቃሉ። ያዳኑት መስሏቸው ነበር፤ ሲያስታውክ ግን ናፍታው ሳንባው ገባ። ልጅ ዘይት ወይም ናፍታ ከጠጣ አታስታውኩት፣ ወተትም አትጋቱት። አፉን ጠርጉ፣ ጠርሙሱን ያዙና ወደ ጤና ተቋም ሩጡ። ሳልና የትንፋሽ መቆራረጥ ከታየማ ደቂቃም አትቆዩ። በተቃጠለ የሞተር ዘይት ቆዳን ዘወትር ማራስም ካንሰር ሊያመጣ ይችላል፤ ለእከኩ የእንስሳት ሐኪም አለ።

አያት ትንሽ ቅር አላቸው። ቢሆንም ጠርሙሱን ለልጁ ሰጡት፤ እሱም ክዳኑ በሚጠብቅ ጄሪካን ገልብጦ፣ «ዘይት» ብሎ በሁለት ቋንቋ ጽፎበት፣ ከቤት ውጭ መጋዘኑ ውስጥ ቆለፈበት። ስለ ትኩሳቱ በሚቀጥለው ሳምንት።