ጋቢናው የሚያድርበት ሰው አለው

ከኪራሙ በቆሎ ወይም ሰሊጥ የጫነ አይሱዙ ኤንፒአር መቼ ነቀምት እንደሚገባ የሚወስነው ርቀቱ ብቻ አይደለም። ክረምት ላይ ጭቃው አለ፣ ባለፉት ዓመታት እንደታየው ደግሞ የጸጥታው ሁኔታ አለ። ነቀምት ከገባም በኋላ አዲስ አበባ ድረስ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀረዋል፤ እዚያም ቢሆን ለማራገፍ ወረፋ ይጠብቃል። በዚህ ሁሉ መሀል ሾፌሩና ረዳቱ የሚያድሩት መኪናው ላይ ነው። ስለ መኪናው ሲወራ ግን የሚነሳው ሞተሩ፣ ጎማው፣ የጭነት ዋጋውና የናፍጣው ነገር ነው እንጂ ሁለቱ ሰዎች ጎናቸውን የሚያሳርፉበት ቦታ አይደለም። እኔ የምለው ይህን ነው፦ ጋቢና ለማሳመር የሚወጣ ገንዘብ ከሁሉ አስቀድሞ ለእንቅልፍ ይዋል። ሥራውንም የነቀምት ብየዳ ቤቶችና እንጨት ቤቶች ከውጭ ምንም ሳይጠብቁ ሊሠሩት ይችላሉ።

ለጋቢና ገንዘብ አይወጣም ማለቴ አይደለም። መጋረጃው በዘርፍ ይሰፋል፣ ወንበሩ አዲስ ልብስ ይለብሳል፣ ባለቀለም መብራትና ትልቅ ድምፅ ማጉያ ይገባል፣ የቅዱሳን ሥዕል ወይም የቁርኣን ጥቅስ ይሰቀላል። ይህን አላጣጥለውም፤ ሰው ዕድሜውን የሚገፋበትን ቦታ ቢያከብር የሚያስመሰግነው ነው። ችግሩ የሚመጣው ሲመሽ ነው። ኤንፒአር እንደ ሲኖትራክ ከወንበሩ ኋላ መኝታ የለውም። የሾፌሩ ወንበር ለብቻው ነው፤ የጎኑ ሁለት ሰው ይይዛል፤ በመካከላቸው ክፍተት አለ፤ ከፊት ለፊት የማርሹ ዘንግ ይቆማል። የቀበቶው መቆለፊያ ደግሞ ልክ ወገብ በሚያርፍበት ቦታ ብቅ ብሎ ይወጣል። እዚህ ላይ የሚጋደም ሰው እግሩን በሩ ላይ ሰቅሎ፣ ወገቡን ክፍተቱ ውስጥ ጥሎ፣ ሌሊቱን ሲገላበጥ ያነጋል። ጠዋት መሪ የሚይዘው ይኸው ሰው ነው። አሥራ ሰባት ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው ንቃቱና የእጁ ፍጥነት በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እንደሚስተካከል በጥናት ተረጋግጧል። እኛ አገር ይህን ድካም ብዙ ሾፌር የሚያሸንፈው በጫት ነው፤ ጫት ግን እንቅልፉን ለሌላ ሰዓት ያዘገየዋል እንጂ አይተካውም። የተኛበት ሰዓት ተቆጥሮ «አድሯል» የተባለ ሾፌርም በእንዲህ ያለ መኝታ ካደረ ሳይተኛ ከቆየው ሰው ብዙ የራቀ አይደለም።

መፍትሔው ያን ያህል የረቀቀ አይደለም፤ ታጣፊ አልጋ ነው። ባለ 12 ሚሊ ኮምፔርሳቶ በሦስት ተቆርጦ በማጠፊያ ይያያዛል፤ ከሥሩ ቀጭን አርኤችኤስ እግር ይበየድለታል፤ የእግሩ ቁመት የሁለቱን ወንበሮች ልዩነት አስተካክሎ ክፍተቱንም መቆለፊያውንም ይሻገራል። ከላዩ ጠጠር ያለ ስፖንጅ ይለብሳል፤ ለስላሳው በወር ውስጥ ተጠፍጥፎ ጣውላ ስለሚሆን አይመከርም። ጠርዙ ክብ ሆኖ ካልተሞረደና በቆዳ ካልተሸፈነ ግን ባይሠራ ይሻላል፤ በጨለማ ጉልበት የሚመታው እሱ ነው። ቀን ላይ ታጥፎ ከወንበሩ ጀርባ ቆሞ በሁለት ቡሎን ይታሰራል። ዋናው ቁም ነገር ተነቃይ መሆኑ ላይ ነው። ጀርመን አገር ዌስትፋሊያ የተባለው ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1951 ለቮልስዋገን ያቀረበው መኝታና ዕቃ ማስቀመጫ ከመኪናው የሚወጣ ሳጥን ነበር፤ መኪናው በሥራ ቀን ዕቃ ይጭናል፣ በዕረፍት ቀን ሳጥኑ ይገባና ቤት ይሆናል። ዛሬ አውሮፓ ውስጥ በቤት መኪና አገር ለአገር የሚዞረው ሰው የሚደሰትበት ጥበብ መነሻው ይህን የመሰለ ቀላል ሐሳብ ነው። እነሱ ለሽርሽር ያሰቡት፣ እኛ ዘንድ በሥራ ላይ ለሚውልና ለሚያድር ሰው ይበልጥ ያስፈልጋል።

ከአልጋው ቀጥሎ የሚመጣው ዕቃ ማሰር ነው። ጋቢና ውስጥ የማይታጣው 20 ሊትር ውሃ የያዘ ጄሪካን መኪናው በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየሄደ ድንገት ቢጋጭ ከ10 ሜትር ገደማ ከፍታ እንደተለቀቀ ያህል ጉልበት ይዞ ወደ ፊት ይመጣል። ከወለሉ ጋር በቡሎን የተያዘ የብረት መደብና አንድ ጠንካራ ቀበቶ ይህን ያስቀራል፤ ክሪኩም፣ መፍቻውም፣ የሻይ ማፍያውም የየራሳቸው ማሰሪያ ይኑራቸው። ኤሌክትሪኩ ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው። ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች በተከታታይ ተያይዘው 24 ይሰጣሉ፤ ቴፑና የስልክ ቻርጀሩ ግን ባለ 12 ናቸው። አንዳንዱ ኤሌክትሪሻን መስመሩን ከአንዱ ባትሪ ብቻ ይስባል። የተሳበበት ባትሪ ይራባል፣ ሌላው ከልክ በላይ ይሞላል፣ የሁለቱም ዕድሜ ያጥራል፤ ባለንብረቱም ጥፋቱን በባትሪው ጥራት ያሳብባል። ከ24 ወደ 12 የሚቀንስ ዕቃ ማስገባትና ባትሪው አጠገብ ፊውዝ ማድረግ ከአንድ ባትሪ ዋጋ እጅግ ያነሰ ወጪ ነው። ፊውዝ የሌለው ቀጭን ሽቦ ከመጋረጃና ከስፖንጅ ጋር አብሮ ሲያድር ምን ሊያስከትል እንደሚችል ማንም ያውቀዋል። ከሰልማ ጋቢና ውስጥ ፈጽሞ አይግባ። በክረምት ሌሊት መስኮት ዘግተው በከሰል ሲሞቁ ጭሱ ቢጠፋም ዋናው አደጋ አይጠፋም፤ የሚገድለው ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም፣ የተኛም ሰው አይነቃለትም።

«ሾፌሩ ለምን ፔንሲዮን አያድርም?» የሚል ሰው አለ። ማደር በሚቻልበት ከተማ ሲሆን፣ መኪናውም በጥበቃ ግቢ ሲቆም ይህ ከሁሉ የተሻለ ነው። ነገር ግን ጭነቱንና ናፍጣውን ጥሎ የሚሄድ ሾፌር የት አለ? መንገዱ ተዘግቶ ከሁለት ከተማ መሀል የቆመስ ምን ያድርግ? የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ይህን ነገር በጥበብ የለየው ይመስለኛል። የቀኑን ዕረፍት ተስማሚ መኝታ ባለው ቆሞ ባደረ መኪና ውስጥ ማሳለፍ ይፈቅዳል፤ 45 ሰዓት የሚሆነውን መደበኛ የሳምንት ዕረፍት ግን በጋቢና ውስጥ ማድረግን ይከለክላል፣ የማደሪያውንም ወጪ በአሠሪው ላይ ይጥላል። እኛም ብንሆን አንዱን በሌላው ልንተካ አይገባም።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው። አልጋው ከተመቸ ባለንብረቱ የአዳር አበል ይቀንሳል፣ ሾፌሩንም ያለ ዕረፍት ያመላልሰዋል የሚል ነው። ይህ ሊሆን እንደሚችል አምናለሁ። ስለዚህ አልጋው ከአበሉ ተቀንሶ የሚሠራ ሳይሆን እንደ ጎማና እንደ ዘይት የመኪናው ወጪ ሆኖ በሥራ ውሉ ላይ ይጻፍ። ደካማ አልጋ ሾፌሩን ከጉልበት ብዝበዛ አድኖት አያውቅም፤ ሲበዘበዝ የኖረው ከነወገብ ሕመሙ ነው።

ቦሎ ላይ ችግር ያመጣል የሚሉም አሉ። መርማሪው ተጨማሪ ወንበር የተበየደበትን፣ ሻንሲው የተቆረጠበትን፣ ከፖርቶ መጋላው በላይ ሌላ ብረት የተከመረበትን መኪና ቢመልስ ልክ ነው፤ ሕይወት የሚጠፋው በእንዲህ ያለ ሥራ ነው። ተነቃይ አልጋና በቡሎን የታሰረ መደብ ግን ከዚያ ጋር አንድ ላይ መታየት የለባቸውም። የትራንስፖርት ቢሮው ምን እንደሚፈቀድ፣ ምን እንደማይፈቀድ በአንድ ገጽ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ጽፎ በየጋራዡ ቢለጥፍ ባለሙያውም፣ መርማሪውም፣ ሾፌሩም አንድ ቋንቋ ይናገራሉ። የወለጋ ዩኒቨርሲቲ የምህንድስና ክፍልና የከተማዋ የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎች ደግሞ አንድ ናሙና ሠርተው ልኩን ለብየዳ ቤቶች ቢሰጡ ለተማሪዎቻቸውም ጥሩ የተግባር ሥራ ይሆናል።

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ሾፌሩ ነው፤ ረዳቱ ቀርቷል። ጋቢናው አንድ ሰው ካስተኛ ረዳቱ የሚወጣው ጭነቱ ላይ፣ ሸራ ሥር ነው። ዝናብ ሲመጣ ሸራው ላይ የተጠራቀመው ውሃ ከስፖንዳው በኩል ይገባበታል፤ ሌሊት ድምፅ ሲሰማም ቀድሞ የሚነሳው እሱ ነው። ብዙ ጊዜ ገና ልጅ ነው፣ ደመወዙም ትንሽ ነው፣ የሚከራከርለትም የለም። ስለዚህ ከአልጋው ጋር አብሮ ከጠንካራ ሸራ የተሰፋ ሁለተኛ መኝታ ይታዘዝ፤ መኪናው ቆሞ ሲያድር ብቻ ከላይ የሚንጠለጠል፣ ማሰሪያው ግን ከጣራው ቆርቆሮ ሳይሆን ከጋቢናው ዋና አጥንት ጋር በቡሎንና በዳዶ የተያዘ። ብየዳ ቤቱ መለካት ያለበት የሾፌሩን ቁመት ብቻ አይደለም፤ ረዳቱንም ጠርቶ ያስተኛውና ይለካው።