ጥበቃው መቼ ያብቃ? የነገሌ ቦረናና የቆላ ከተሞች ወጣቶች ጽናት ጥያቄ

በነገሌ ቦረና፣ በያቤሎና በሞያሌ የሚኖሩ ብዙ ወላጆች ዛሬ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት እነርሱ ካደጉበት በእጅጉ በተለየ መንገድ ነው። አባት በልጅነቱ ጥጃ ጠብቋል፤ እናት ከሩቅ ውኃ ቀድታለች። የከተማው ልጅ ግን "አንተ ትምህርትህን ብቻ ተማር" እየተባለ ያድጋል። የንግግሩ ምንጭ ፍቅር መሆኑ አያጠራጥርም። ይሁን እንጂ 18 ዓመት የሞላው ወጣት መታወቂያ ለማውጣት እንኳ አባቱን ካስከተለ፣ የመጀመሪያው ችግር ሲገጥመውም ተስፋ ከቆረጠ፣ ጥበቃው በወቅቱ አለማብቃቱን ያመለክታል።

የወላጆች ስጋት መሠረት የሌለው አይደለም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አካባቢውን የመታው ድርቅ አምስት ተከታታይ የዝናብ ወቅቶችን ያሳጣ ነበር። ከብታቸው ያለቀባቸው አርብቶ አደሮች እንደ ዱብሉቅ ባሉ መጠለያዎች ለመስፈር ተገደዋል። በየጊዜው የሚያገረሹ ግጭቶችም ቤተሰብ በትነዋል። በሞያሌ በኩል ወደ ኬንያና ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚያመራው ሕገ ወጥ ጉዞ ደግሞ የብዙ ወጣቶችን ሕይወት ለአደጋ አጋልጧል። ይህን ሁሉ ያየ ወላጅ "እኔ ያየሁትን ልጄ አይይ" ቢል አይፈረድበትም። ጥያቄው ልጅን መጠበቅ ይገባል ወይስ አይገባም የሚል ሳይሆን፣ ጥበቃው እንዴትና መቼ ለኃላፊነት ቦታ ይለቃል የሚል ነው።

ለዚህ ጥያቄ የቦረና ባህል የራሱ መልስ አለው። በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው የገዳ ሥርዓት ሕይወትን በስምንት ስምንት ዓመት ደረጃዎች ይከፍላል። የመጀመሪያው ደረጃ ዳባሌ ነው። የዳባሌ ልጆች ጸጉራቸው ሳይላጭ ያድጋል፤ አይመቱም፤ ልዩ ክብርም ይሰጣቸዋል። ወደ ቀጣዩ ደረጃ ወደ ጋሜ ሲሸጋገሩ ግን ጸጉራቸው በሥርዓት ይላጫል፤ ከዚያም በኋላ ኃላፊነታቸው ደረጃ በደረጃ ይጨምራል። ደረጃው በአባት የገዳ ደረጃ ላይ የተመሠረተ በመሆኑ ሁሉም ልጅ በአንድ ዕድሜ በእኩል አያልፍበትም። ሆኖም በውስጡ ያለው ሐሳብ ግልጽ ነው፤ ልጅ በሙሉ እንክብካቤ የሚያዝበት ዘመን አለ፣ ያ ዘመን ግን የታወቀ ማብቂያ አለው።

የዕለት ተዕለት ሥራውም በዚሁ መንገድ የተደራጀ ነበር። ትንሹ ልጅ ከመንደር ሳይርቅ ጥጃ ይጠብቃል። ሲያድግ ከብቱን ወደ ኤላ ይነዳል። በጥልቁ የውኃ ጉድጓድ ውስጥ በመሰላል ተደርድረው ባልዲ ከሚቀባበሉት ጋር የሚቆመው ጉልበቱ ሲጠና ነው። ከመንደር ርቆ ፎራ የሚወርደው ደግሞ በመጨረሻ ነው። "ዕንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል" የሚለው አባባል የሚገልጸው ይህንኑ ነው።

ያለፈውን ሁሉ ማወደስ ግን ስሕተት ነው። በገጠር ዛሬም ከዕድሜያቸው በላይ ሸክም የተጫነባቸው፣ ከብት ተከትለው ከትምህርት ገበታ የሚቀሩ ልጆች አሉ። የሴት ልጆች ሁኔታ ደግሞ ድርብ ነው። በቤት ውስጥ ሥራው ሁሉ ይጫንባቸዋል፤ ከቤት ውጭ ግን ገንዘብ እንዲይዙ፣ በራሳቸው ጉዳይ እንዲወስኑ አይፈቀድላቸውም። ሥራ መብዛቱ ብቻውን ነፃነትን አያስተምርም፤ የመወሰን ዕድልም ያስፈልጋል።

በከተሞች የተፈጠረው ክፍተት የሚታየው ከ12ኛ ክፍል በኋላ ነው። ብሔራዊ ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች መሰጠት በጀመረበት በ2014 የትምህርት ዘመን 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ 3.2 በመቶ። ለዚህ ውጤት ተጠያቂው የልጆች አስተዳደግ አይደለም፤ የመምህራን፣ የመጻሕፍትና የትምህርት ጥራት ጉዳይ አለበት። ቁጥሩ የሚያሳየው ሌላ ነገር ነው። ከ100 ተፈታኞች ከ96 በላይ የሚሆኑት የታሰበላቸውን ውጤት ሳያገኙ ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል። ከትምህርት በቀር ሌላ ኃላፊነት ሞክሮ ለማያውቅ ወጣት እንዲህ ያለው ቀን የሕይወት መጨረሻ መስሎ ይታየዋል። ወድቆ መነሣትን በትንሽ ነገር ስላልተለማመደ ትልቁ ውድቀት ድንገት ይደርስበታል።

አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዳያና ባውምሪንድ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1960ዎቹ ጀምሮ ባካሄደችው ጥናት፣ ለልጅ ዕድገት ይበልጥ የሚበጀው ፍቅርንና ግልጽ ደንብን አጣምሮ፣ ለልጁ ሐሳብ ቦታ የሚሰጥ አስተዳደግ መሆኑን አመልክታለች። ችግኝ የሚያፈላ ገበሬም ይህን በተግባር ያውቀዋል። ችግኙን ከመትከሉ በፊት ጥላውን ቀስ በቀስ ያነሣለታል፣ ውኃውንም ይቀንስለታል። እስከ መጨረሻው በጥላ ሥር የቆየ ችግኝ በሜዳ ፀሐይ ይጠወልጋል፤ ገና ሳይጠና ለፀሐይ የተሰጠውም እንዲሁ።

ስለዚህ መፍትሔው ልጅን ከትምህርት አስቀርቶ ወደ ጉልበት ሥራ መመለስ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆችን መቅጠርን ይከለክላል። የሚያስፈልገው በከተማ ኑሮ ውስጥ አዲስ ደረጃ መሥራት ነው። የአሥር ዓመት ልጅ የአንዲት ፍየል ወይም የጥቂት ዶሮዎች ኃላፊነት ሊወስድ ይችላል። የ14 ዓመት ልጅ የአንድ ገበያ ቀን ወጪ ይዞ ገዝቶ፣ ተመልሶም ሒሳብ ሊያወራርድ ይችላል። ብር ቢያጎድል ሊቆጣ የሚገባው ወላጅ ሳይሆን፣ የት እንደ ጎደለ አብሮ የሚፈልግ ወላጅ ይጠቅመዋል። የ17 ዓመት ልጅ በትምህርት ቤትና በቀበሌ ጉዳዩን ራሱ ሊያስረዳ ይገባል፤ ወላጁ ከጎኑ ሊቆም ይችላል፣ ንግግሩ ግን የልጁ ይሁን። ለወንድ የተሰጠው ይህ ዕድል ለሴት ልጅም እኩል መሰጠት አለበት።

ድርቅም ሆነ የሥራ እጦት በወላጅ ክልከላ አይቆምም። የቆላው ምድር ነገም ክፉ ቀን ሊያመጣ ይችላል፤ በዚያን ቀን ወላጅ ከልጁ ጎን ላይኖር ይችላል። ልጁን የሚጠብቀው ያኔ አስቀድሞ በትንሽ በትንሹ የተለማመደው ኃላፊነት ነው።