ትምህርቱ የሚጀመረው በየብስ ነው

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለውን የአባቶቻችንን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን። እኔ ግን ትርጉሙ በደንብ የገባኝ ከአሥራ አምስት ሳምንት የመርከብ ጉዞ በኋላ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ሴሚስተር በመርከብ ላይ ተምሬ ከተመለስሁ ወዲህ፣ በሚመጣው መስከረም ለመሳፈር የተመዘገቡ የኅብረታችን አባሎች ወደ ክፍሌ እየመጡ «ምን እንያዝ?» ይሉኛል። ስንት ሸሚዝ? ምን ዓይነት ጫማ? ስንት ዶላር? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም አጭር ነው። ካሰባችሁት ልብስ ግማሹን ተዉት፤ ካሰባችሁት ገንዘብ ጥቂት ጨምሩበት። ነገር ግን እስከ ዛሬ «ምን እንወቅ?» ብሎ የጠየቀኝ አንድም ሰው የለም። እኔም በጊዜዬ አልጠየቅሁም። ይህን አስተያየት ለመጻፍ ያነሣሣኝ ይኸው ነው።

በመርከብ ላይ መማር የዛሬ ነገር አይደለም። በ1926 ዓ.ም. (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ራይንዳም የምትባል የሆላንድ መርከብ አምስት መቶ ያህል ተማሪዎች ይዛ በኒው ዮርክ አጠገብ ካለው ከሆቦከን ወደብ በመነሣት ዓለምን ዞራ ተመልሳለች። በ1963 «የሰባቱ ባሕሮች ዩኒቨርሲቲ» በሚል ስም ሐሳቡ እንደገና ተጀመረ፤ ኋላ «ሴሚስተር አት ሲ» የተባለው የዚያ ተከታይ ነው። የሆንግ ኮንጉ የመርከብ ባለጸጋ ሲ. ዋይ. ቱንግ ታላቂቱን «ኩዊን ኤልሳቤጥ» ገዝቶ ተንሳፋፊ ዩኒቨርሲቲ ሊያደርጋት ሲያዘጋጅ በጥር 1972 በሆንግ ኮንግ ወደብ በእሳት ጠፋች፤ እርሱ ግን ተስፋ ሳይቆርጥ በሌላ መርከብ ሥራውን ቀጠለ። በትምህርቱ በኩል ኃላፊነቱ ከአንዱ ዩኒቨርሲቲ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ኖሮ በ2016 ኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተረክቦታል።

በዚህ ሁሉ ዘመን «ይህ ነገር ትምህርት ነው ወይስ ሽርሽር?» የሚለው ጥያቄ ከመርከቡ ተለይቶ አያውቅም። እንደ እኔ አስተያየት ሁለቱንም ሊሆን ይችላል። የሚለየው የመርከቡ መልካምነት ወይም የወደቦቹ ብዛት አይደለም። የሚለየው ተማሪው ከመሳፈሩ በፊት በየብስ ሳለ የሠራው ሥራ ነው።

አንዳንዱ «መርከቡ ላይ ጊዜ አለ፤ እዚያ አነባለሁ» ይላል። እኔም እንዲሁ ብዬ ነበር። ነገሩ ግን እንደዚህ ነው። መርከቡ በባሕር ላይ ሳለ ቅዳሜና እሑድ ሳይባል ትምህርት አለ፤ ወደብ ሲደርስ ክፍሉ ይዘጋና ተማሪው ወደ ከተማ ይወርዳል። በሁለት ወደቦች መካከል አንዳንድ ጊዜ ከሁለትና ከሦስት ቀን የበለጠ አይገኝም። በእነዚያ ቀኖች የቤት ሥራ አለ፤ ፈተና አለ፤ ኢንተርኔቱም እንደ ግቢያችን አይደለም። በዚህ ላይ ወደ ምሥራቅ የሚሄድ መርከብ በየአሥራ አምስቱ ዲግሪ ሰዓቱን አንድ ሰዓት ወደፊት ስለሚያስኬድ፣ ብዙ ሌሊት አንድ ሰዓት እንቅልፍ ይወሰዳል። የተሰረቀው ጊዜ የሚመለሰው ፓሲፊክን ስናቋርጥ፣ አንዱን ቀን ሁለት ጊዜ ስንኖረው ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ወደቦቹ ሁሉ አልፈዋል። ስለዚህ በየብስ ያልተነበበ መጽሐፍ በባሕር ላይ አይነበብም።

ሳልዘጋጅ መሄዴ ያስከፈለኝን ልናገር። ሊዝበን ላይ በወንዙ ዳር ያለውን የመርከበኞቹን ታላቅ ሐውልት ፎቶግራፍ አነሣሁ። ከፍታው አስደነቀኝ፤ ጣፋጭ ዳቦ በልቼ ተመለስሁ። ሳምንቶች አልፈው ጋና ደረስንና ወደ ኤልሚና ምሽግ ተወሰድን። ምሽጉን በ1482 የሠሩት ከዚያው ከፖርቱጋል የመጡ ሰዎች መሆናቸውን፣ ኋላም በጨለማ ክፍሎቹ አፍሪካውያን እየታጎሩ በባሪያነት ወደ አሜሪካ ይጫኑ እንደ ነበር የሰማሁት እዚያ ቆሜ ነው። የሊዝበኑ ሐውልትና የኤልሚናው ክፍል የአንድ ታሪክ ሁለት ገጽ ናቸው። እኔ ግን የመጀመሪያውን ገጽ በፈገግታ አልፌው ነበር። አውቄ ብሄድ ኖሮ ሊዝበን ላይ የምጠይቀው ጥያቄ ሌላ በሆነ ነበር። ወደ ኋላ ተመልሶ መጠየቅ ደግሞ የለም፤ መርከብ አይመለስም።

ሌላም አለ። ከቴማ ወደብ ወደ አክራ የወሰደኝ የታክሲ ነጂ ከየት እንደ መጣሁ ጠየቀኝ። ከአዲስ አበባ መሆኔን ስነግረው ፊቱ በራ። በ1963 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት አዲስ አበባ ላይ ሲመሠረት ንክሩማ የተናገሩትን እንደ ትላንት ነገር አጫወተኝ። ቀጥሎም «የንክሩማችን ሐውልት እናንተ ከተማ፣ በአፍሪካ ኅብረት ግቢ ቆሟል ይባላል፤ አይተኸዋል?» አለኝ። አላየሁትም ነበር። በአጥሩ አጠገብ ስንት ጊዜ በታክሲ አልፌያለሁ! «አንተስ ስለ ጋና ምን ታውቃለህ?» ሲለኝ የእግር ኳስ ተጫዋቾች ስም ጠራሁለት። ሰውዬው ጨዋ ስለ ነበረ ሳቀና ዝም አለ። እኔ ግን እስከ አክራ ድረስ አንገቴን ደፍቼ ሄድሁ። ያረፍንበት የቴማ ወደብ በንክሩማ ዘመን፣ በ1962፣ ሥራ እንደ ጀመረ እንኳ ያወቅሁት ከእርሱ ነው።

ከሁሉ የባሰው ኀፍረት የመጣው ግን ከተመለስሁ በኋላ ነው። በማደሪያችን ከእኔ ክፍል ሁለት በር አልፎ የሚኖር ጋናዊ ተማሪ አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ ማዕድ ቤት አብስለናል፤ ስንገናኝ «ደኅና ነህ?» እንባባላለን። የት እንደ ነበርሁ ብነግረው «እኔ እኮ የቴማ ልጅ ነኝ፤ አባቴ ዕድሜውን የፈጀው በዚያ ወደብ ነው» አለኝ። ልብ በሉ፤ በአሥር ሺሕ የሚቆጠር ዶላር ተከፍሎልኝ አትላንቲክን ወርጄ የፈለግሁት መምህር ከደጄ ሁለት በር አልፎ ሻይ ሲያፈላ ነበር።

አንዳንድ ጓደኞቼ «አስቀድሞ ብዙ ማወቅ የጉዞውን ደስታ ያጠፋል፤ ሰው በንጹሕ ዓይን ማየት አለበት» ይላሉ። ይህ አነጋገር ያምራል እንጂ እውነት አይደለም። ያልተዘጋጀ ዓይን ንጹሕ ሳይሆን ባዶ ነው። ኤልሚናን ሳያውቅ የሚያየው ሰው በባሕር ዳር የቆመ ያማረ ነጭ ሕንፃ ያያል፤ በፊቱም ቆሞ እየሳቀ ፎቶግራፍ ይነሣል። ከእኛም መካከል እንዲህ ያደረጉ ነበሩ። ክፋት አልነበረባቸውም፤ የነገራቸው ሰው ስላልነበረ ብቻ ነው።

ስለ መጽሐፍ ይህን ካልሁ፣ ስለ ወረቀት ደግሞ የግድ መናገር አለብኝ። ምክንያቱም በእኛ በኢትዮጵያ ፓስፖርት ያዦች ዘንድ ዝግጅቱ ከሌላው ተማሪ ይከብዳል። አሜሪካዊው ባልንጀራችን ሻንጣውን ሲያስብ እኛ የየአገሩን ቪዛ እናስባለን። የእኔ መርከብ ከጀርመን ተነሥቶ ፖርቱጋልን፣ ሞሮኮን፣ ከዚያም ስፔንን የሚነካ ነበር። እኔ ያወጣሁት የአውሮፓ ቪዛ ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ የሚያገለግል ነበር። ጀርመን ገባሁበት፤ ወደ ሞሮኮ ስንወጣ አለቀ። ባርሴሎና ስንደርስ ጓደኞቼ በመሰላሉ እየሮጡ ሲወርዱ እኔ ከመርከቡ ሰገነት ላይ ቆሜ ከተማውን አራት ቀን ከሩቅ አየሁት። ማመልከቻውን ስሞላ «ብዙ ጊዜ መግቢያ» በሚለው ላይ ምልክት ማድረግ ይገባኝ ነበር፤ ጥፋቱ የራሴ ነው። ነገር ግን ወረቀቴን ያየው ቢሮ ካርታውን አንድ ጊዜ ተመልክቶ «ከአውሮፓ ወጥተህ ትመለሳለህና ይህ አይበቃህም» ቢለኝ ምን ነበረበት?

ስለዚህ እናንተ እንዲህ አድርጉ። የመርከቡ መንገድ እንደ ታወቀ ወደቦቹን በተራቸው ጻፉ፤ በእያንዳንዱ አጠገብ ቪዛ ያስፈልግ እንደሆነ፣ ለስንት ጊዜ መግቢያ እንደሆነ አስታውቁ። የአውሮፓው የሸንገን ማመልከቻ ከጉዞው ስድስት ወር አስቀድሞ ሊገባ ይችላልና ቀኑን አታሳልፉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ወደ አሜሪካ የምትመለሱበትን ቪዛ እዩ። በሐምሌ 2025 የአሜሪካ መንግሥት ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠውን የተማሪ ቪዛ ወደ ሦስት ወርና ወደ አንድ ጊዜ መግቢያ ዝቅ አድርጎታል። እንዲህ ያለ ቪዛ ይዞ የገባ ተማሪ መርከብ ላይ ከወጣ ለመመለስ እንደገና ቪዛ መጠየቅ አለበት፤ ካልተሰጠው ዲግሪው መንገድ ላይ ሊቀር ይችላል። ደንቡ ስለሚለዋወጥ በእኔ ቃል አትመኑ፤ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የውጭ አገር ተማሪዎችን ቢሮ በጽሑፍ ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። በመርከቡ የምትወስዱት ትምህርት እዚህ እንደሚቆጠርላችሁም ከሬጅስትራር እንዲሁ በፊርማ ያዙ።

ስለ ጤና ሁለት ቃል ብቻ። ጋና ለመግባት የቢጫ ወባ ክትባት ምስክር ወረቀት ይጠየቃል፤ ወረቀቱ መሥራት የሚጀምረው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ ለመጨረሻው ሳምንት አይተውም። ባሕር እንደሚያማችሁ ከፈራችሁ ክፍላችሁን ከመርከቡ መካከልና ከታችኛው ፎቅ ምረጡ፤ ውዝዋዜው እዚያ ይቀንሳል። ሲያጥወለውላችሁ ወደ ውጭ ወጥታችሁ አድማሱን ተመልከቱ። መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ አንዳንዱ እንቅልፍ ስለሚያመጣ አስቀድማችሁ በየብስ ሞክሩት። እናቴ በስልክ «ልጄ፣ የሚረገጥ መሬት የሌለበት ትምህርት ቤት ምን ዓይነት ነው?» ብላኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን፣ ባልዲ አቅፌ ተኝቼ፣ እውነቷን ነው አልሁ፤ በአምስተኛው ቀን ግን ተነሥቼ ቁርስ በላሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። ለኅብረታችንና ለመምህራኖቻችን የማቀርበው ሐሳብ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። መርከቡ ከመነሣቱ በፊት ባለው ሴሚስተር፣ በሳምንት አንድ ምሽት አንድ ሰዓት፣ አንዱን ወደብ እናጥና። ስለ ጋና ስንነጋገር ያ የቴማ ልጅ ይናገር፤ ስለ ሕንድ ከሂሳብ ክፍል የማናጣቸው ሕንዳውያን ይናገሩ፤ ስለ ቬትናምም በግቢያችን ቬትናማውያን አሉ። መምህራኖቻችን ደግሞ ለእያንዳንዱ አገር አንድ የታሪክና አንድ የልብ ወለድ መጽሐፍ ይምረጡልን። ከጋና አዪ ክዌይ አርማህን፣ ከሕንድ ናራያንን፣ ከቬትናም ባኦ ኒንን፣ ከጃፓን ሶሴኪን ያነበበ ተማሪ ከመርከብ ሲወርድ የሚጠይቀው አያጣም። ባለፈው ዓመት የሄድን ሰዎች ስሕተታችንን ሳንደብቅ እንናገር፤ የውጭ አገር ተማሪዎች ቢሮም አንድ ምሽት መጥቶ የፓስፖርታችንን ነገር ያስረዳን።

መምህራኖቻችን «ይህ የተጓዦቹ የግል ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን ያገባናል?» እንዳይሉ እለምናቸዋለሁ። የጉዞው ዋጋ ከብዙዎቻችን ዐቅም በላይ መሆኑ አይካድም። እኔ የሄድሁት የትምህርት ርዳታ ስላገኘሁ ነው፤ ከእኔ የተሻሉ ተማሪዎች ገንዘብ ወይም ቪዛ አጥተው ቀርተዋል። ይህ የሳምንት ሰዓት ግን ለሁሉ ክፍት ነው። የሚሄደው ተዘጋጅቶ ይሄዳል፤ የማይሄደውም ከጉዞው ትልቁን ክፍል፣ ማለት ሰውንና መጽሐፍን፣ እዚሁ ያገኘዋል። ተጓዡም ሲመለስ የሚጠይቀው፣ የሚከራከረው፣ «ይህንስ አይተሃል?» የሚለው ወገን ይጠብቀዋል። እኔ ስመለስ ሁሉም የጠየቀኝ «ምግቡ እንዴት ነበር?» ብሎ ነው።

እስከ መስከረም ጥቂት ወሮች አሉ። ሻንጣ በአንድ ሌሊት ይታሰራል። ዛሬ ማታ ግን ማዕድ ቤት ስትገቡ ከጎናችሁ የሚያበስለውን ሰው አገሩን ጠይቁት። የመጀመሪያው ወደብ እርሱ ነው፤ ለመውረድም ቪዛ አይጠይቅም።

ከኅብረቱ አባሎች አንዱ