«ይከላከል» ከመባሉ በፊት

ዐቃቤ ሕግ ምስክሮቹን አሰምቶ ሲጨርስ ዳኛው «አመንኩት ወይ?» ብሎ ራሱን የሚጠይቅበት ጊዜ ገና አልደረሰም። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 141 የሚለው ሌላ ነው፤ የቀረበው ማስረጃ ማስተባበያ ባይቀርብበት እንኳ ለጥፋተኝነት የማያበቃ ከሆነ ተከሳሹ በነጻ ይሰናበታል። አንድ ምስክር «ሱቁን ሰብሮ ሲወጣ በመንገድ መብራት ለይቼዋለሁ» ቢል፣ መብራቱ በርቶ ነበር ወይ፣ በመካከላቸውስ ቂም አለ ወይ የሚለው ለፍርዱ ቀን ይቆይ። «ጠዋት ስመጣ ሱቁ ተሰብሮ አገኘሁ፤ በሰፈሩ ከእሱ ሌላ የሚጠረጠር የለም» ካለ ግን ቃሉ እንዳለ ቢታመንም ተከሳሹን ከተሰበረው በር ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። አሜሪካ ውስጥ «ማስረጃው ይበቃል ወይ?» እና «ይታመናል ወይ?» በሚሉት ጥያቄዎች መካከል ያለውን ይህን ድንበር የሚያስጠብቀው ጁሪው ነው፤ ዳኛው የምስክርን እውነተኝነት ልመዝን ካለ የሌላ ሰው ሥራ ነጠቀ ማለት ነው። እኛ ዘንድ ግን ዛሬ ብይን የሚሰጠውም ነገ የሚፈርደውም ያው ዳኛ ስለሆነ፣ ድንበሩ ያለው በጭንቅላቱ ውስጥ ብቻ ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ደግሞ ቸኩሎ በነጻ የሚያሰናብተው አይደለም፤ «ይከላከል፣ ምን ይጎዳዋል?» የሚለው ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ንጹሕ ሆኖ የመገመት መብት የሰጠው ሰው ባልተረጋገጠ ክስ ንጽሕናውን ሊያስረዳ ይገደዳል። ዋስትና የተከለከለ ከሆነማ ቀጠሮውን የሚጠብቀው ማረሚያ ቤት ሆኖ ነው፤ የመከላከያ ምስክሮቹን የአውቶቡስ መሳፈሪያ ደግሞ ቤተሰቡ ተበድሮ ይከፍላል።