አታሚ ሌላ፣ አሳታሚ ሌላ፦ ከካምፕ ለተጻፈ ልቦለድ መንገዱ በየት ነው?

ከካኩማ፣ ከካሎቤዬና ከዳዳብ በዋትሳፕ ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች ውስጥ የራሽኑና የሪሴትልመንቱ እንዳለ ሆኖ፣ በዚህ ሰሞን አንድ ሌላ ጥያቄ በዝቷል። "ልቦለድ ጽፌ ጨርሻለሁ፣ ናይሮቢ ውስጥ አሳታሚ ወይም ወኪል ታውቃለህ ወይ?" የሚል ነው። ደብተር ሞልተው የጻፉ አሉ፣ ስልካቸው ላይ በአውራ ጣት የጻፉም አሉ። ጥያቄው ለምን እንደበዛ ይገባኛል። የበዓሉ ግርማ "ኦሮማይ" በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ እ.ኤ.አ. በ2025 በእንግሊዝም በአሜሪካም ወጥቷል። ወሬው በቴሌግራም ሲዞር ስንቱ "ለካ ይቻላል!" አለ።

ይቻላል። ግን "ኦሮማይ" የሄደበትን መንገድ ልብ ብላችሁ እዩት። በአማርኛ የታተመው በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ነው። ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ። ደራሲው ከሥራው ተነሳ፣ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ደግሞ ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። መጽሐፉ እንግሊዝኛ አንባቢ ዘንድ ለመድረስ ከ40 ዓመት በላይ ፈጀበት። የተረጎሙት ዴቪድ ደጉስታና መስፍን ፈለቀ ይርጉ ናቸው። የተርጓሚዎቹን ስም ያነሳሁት በምክንያት ነው፣ ቆይቼ እመለስበታለሁ።

በአማርኛ አታሚ ሌላ፣ አሳታሚ ሌላ ነው። አታሚ ማሽን ያለው ሰው ነው፤ ትከፍሉታላችሁ፣ ወረቀት ላይ ያወጣላችኋል፣ በቃ። አሳታሚ ግን በጽሑፉ አምኖ የራሱን ገንዘብ የሚያወጣ፣ የሚያሳርም፣ ሽፋን የሚያሠራ፣ የሚያከፋፍል፣ ሲሸጥም ለደራሲው ድርሻውን የሚሰጥ ነው። አገራችን አታሚ አላጣችም፤ ብርሃንና ሰላም ብቻውን ከ1914 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። አሳታሚ ግን ሁሌም ጥቂት ነው። በደርግ ጊዜ መንግሥት የሚያዝበት ኩራዝ ነበር፣ በኋላ ሜጋ መጣ፣ የግልም ጥቂት አሉ። ከዚያ ውጪ ብዙው የአማርኛ ልቦለድ የወጣው ከደራሲው ኪስ ነው። ተበድሮ፣ ዕቃ ሸጦ፣ ወዳጅ ዘመድ አስቸግሮ። የመጽሐፎቻችንን የምስጋና ገጽ ገልጣችሁ እዩ፤ ግማሹ ገንዘብ ላገዙ ሰዎች ነው። ወረቀቱ ከውጭ በዶላር የሚገባ ስለሆነ፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ሂሳቡ ለአዲስ አበባ ደራሲም ከብዷል። ራሽን በተቀነሰበት ካምፕ ላለ ሰውማ ምን ይባላል።

ወኪልስ? በአማርኛ መጽሐፍ ዓለም የሥነ ጽሑፍ ወኪል የሚባል ሙያ የለም ብል ማጋነን አይሆንም። ይሄ ሙያ ያለው በዋናነት ለንደንና ኒውዮርክ ነው። ወኪሉ ረቂቁን አንብቦ ከወደደው ለአሳታሚዎች ያቀርበዋል፣ በዋጋና በውል ይከራከርላችኋል፣ መጽሐፉ ሲሸጥ ብዙ ጊዜ 15 በመቶ ይወስዳል፤ ለሌላ ቋንቋ ሲሸጥ ወደ 20 በመቶ ይሆናል። ካልተሸጠ አምስት ሳንቲም አያገኝም። ስለዚህ ከእናንተ ቀድሞ የሚጠይቀው ገንዘብ የለም። የማንበቢያ የለም፣ የመመዝገቢያ የለም፣ "የፕሮሰስ" የለም።

ይሄን የማጠብቀው ያለ ነገር አይደለም። አንድ የካኩማ ልጅ የላከልኝን መልእክት አይቻለሁ። "ዓለም አቀፍ አሳታሚ ነን፣ ልቦለድህን ወደነዋል" ይላል፤ ልጁ ግን የላከላቸው በአማርኛ የተጻፈ አንድ ምዕራፍ ብቻ ነበር። ማን አንብቦት ነው የወደደው? ወረድ ሲል ደግሞ የመመዝገቢያ ክፍያ በኤምፔሳ ላክ ይላል። ገንዘብ ከደራሲው ወደ "አሳታሚ" የሚሄድ ከሆነ ያ ሰውዬ አሳታሚ አይደለም። ቢበዛ አታሚ ነው፣ እሱም ማሽን ካለው።

እንግዲህ ወደ ናይሮቢ እንምጣ። እዚህ አሳታሚ አለ፣ ኧረ ትልልቆችም አሉ። ኢስት አፍሪካን ኤጁኬሽናል ፐብሊሸርስ አለ፣ ሎንግሆርን አለ። ግን እንጀራቸው የትምህርት ቤት መጽሐፍ ነው፤ ልቦለድ የሚያወጡት በጎን፣ እሱንም በእንግሊዝኛና በስዋሂሊ ነው። ኢስሊ ውስጥ አማርኛ የማይሰማበት መንገድ የለም፣ አማርኛ ልቦለድ የሚያወጣ የኬንያ አሳታሚ ግን አላየሁም። ወደፊትም ቶሎ የሚመጣ አይመስለኝም፤ ለማን ይሸጠዋል? ስለዚህ የአማርኛ ረቂቅ ይዞ በሎድዋርና በኪታሌ አድርጎ ናይሮቢ መምጣት፣ ለዚያ ሲባል ደግሞ ለሙቭመንት ፓስ መሰለፍ፣ ብር መጣል ነው። አሳታሚም ወኪልም ዛሬ ረቂቅ የሚቀበለው በኢሜይል ነው።

ይሁንና ይቺ ከተማ ለእኛ የሚሆን ታሪክ አላት። ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ እ.ኤ.አ. በ1978 ካሚቲ እስር ቤት ሆኖ በሽንት ቤት ወረቀት ላይ ልቦለድ ጻፈ፣ ያውም በኪኩዩ። ሄንሪ ቻካቫ ይመራው የነበረው የናይሮቢው ሃይነማን በ1980 አሳተመው። ማንበብ የማይችለው ሰው በመጠጥ ቤት ጮክ ተብሎ ሲነበብ ሰማው። በእንግሊዝኛ የወጣው ከዚያ በኋላ ነው፣ ራሱ ንጉጊ ተርጉሞት። ቢንያቫንጋ ዋይናይናም አለ። በ2002 የኬይን ሽልማትን ያገኘው ኢንተርኔት ላይ ብቻ በወጣ ጽሑፍ ነው፤ በዓመቱ ናይሮቢ ላይ ክዋኒ የተባለውን መጽሔት አቋቋመ። ኡጋንዳዊቷ ጄኒፈር ማኩምቢ "ኪንቱ" የተባለ ልቦለዷ እንግሊዝ ውስጥ አፍሪካዊነቱ በዝቷል ተብሎ አሳታሚ ባጣ ጊዜ በክዋኒ የረቂቅ ውድድር አሸነፈች። መጽሐፉ በ2014 ናይሮቢ ላይ ታተመ፣ አሜሪካና እንግሊዝ የደረሰው ከዚያ ወዲያ ነው። ክዋኒ ዛሬ የያኔው ጉልበት የለውም። ቢሆንም ለንደን እምቢ ያለውን ናይሮቢ እሺ ማለቷ ተረት አይደለም።

በእኔ ግምት የእናንተ ችግር የወኪል እጦት አይደለም፣ የተርጓሚ ነው። የለንደን ወኪል አማርኛ አያነብም። "በጣም ጥሩ ታሪክ ነው" ብላችሁ ብትምሉለት ምን ያደርጋል? ቤህሩዝ ቡቻኒን አስታውሱ፤ አውስትራሊያ ማነስ ደሴት ላይ ያጎረችው ኩርድ ስደተኛ ነው። መጽሐፉን በፋርስኛ በስልክ መልእክት እየቆራረጠ ልኮ፣ ኦሚድ ቶፊጊያን ተርጉሞለት በ2018 ታተመ። በ2019 መጀመሪያ የቪክቶሪያን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ሲያሸንፍ ሰውዬው ገና ከዚያ አልወጣም ነበር። ያለ ተርጓሚው ያ ሁሉ ጽሑፍ የስልክ መልእክት ሆኖ ይቀር ነበር።

ተርጓሚ ከየት ይመጣል ትሉኛላችሁ። ካምፑ ውስጥ አለ! ካኩማ ተወልደው ወይም በልጅነት መጥተው በኬንያ ትምህርት ቤት ያለፉ፣ ኬሲኤስኢ ላይ እንግሊዝኛ ጥሩ ያመጡ፣ እቤት ደግሞ ከእናታቸው ጋር አማርኛ የሚያወሩ ልጆች አሉ። አማርኛውን የሚጽፉት ታላላቆቻቸው ናቸው፣ እንግሊዝኛው ያለው እነሱ ጋ ነው። ሁለቱ አንድ ቡና ላይ ተቀምጠው አንድ አጭር ልቦለድ ቢተረጉሙ፣ ስማቸውን ሁለቱንም ቢጽፉበት፣ ከየትኛውም የፌስቡክ "ወኪል" ይበልጣል።

አጭር ልቦለድ ያልኩት አውቄ ነው። የ400 ገጽ ረቂቅ መተርጎም ዓመታት ይፈጃል፣ አሥር ገጽ ግን በሁለት ወር ያልቃል። ትርጉም የሚያወጡ መጽሔቶችም አሉ፤ ከ2003 ጀምሮ በኢንተርኔት የሚሠራው ወርድስ ዊዝአውት ቦርደርስ አንዱ ነው። የኬይን ሽልማት ደንብ ደግሞ ለእኛ አይነቱ አይከፋም። ከ3,000 እስከ 10,000 ቃል የሆነ፣ በእንግሊዝኛ የታተመ የአፍሪካዊ ደራሲ አጭር ልቦለድ ነው የሚፈልገው፣ ትርጉምም ይቀበላል። ለውድድር የሚልከው ግን ደራሲው ሳይሆን ያወጣው መጽሔት ወይም አሳታሚ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ መጽሔት ላይ መውጣት ግድ ይላል። በ2021 አዲስ አበባ ተወልዳ በልጅነቷ በጀርመን በኩል አሜሪካ የገባችው ሜሮን ሃደሮ ይህን ሽልማት ስታገኝ ከኢትዮጵያውያን የመጀመሪያዋ ሆናለች። እሷ በእንግሊዝኛ ነው የምትጽፈው፣ ልዩነቱን አልደብቅም። እኛ አንድ ተራራ ይጨመርብናል።

ስለ ስም ደግሞ ትንሽ ልበል። "ኦሮማይ" ልቦለድ ነው፣ ባለሥልጣናቱ ግን ራሳቸውን አዩበት። አገር ቤት ቤተሰብ ያለው ሰው የአንድን አዛዥ ወይም የአንድን ቀበሌ ሰው ነገር ሲጽፍ ስምና ቦታ መለወጥ ብቻውን ላይበቃው ይችላል። በብዕር ስም ማሳተም ይቻላል፣ መብታችሁንም አያሳጣችሁም። በ"እኔ" የተተረከ ልቦለድ ከሆነ ደግሞ ልቦለድ መሆኑን ፊት ለፊት ጻፉበት። ለኬዛችሁ የሰጣችሁት ቃል ሌላ ነገር ነው፣ ማንም እንዳያምታታው።

ውል ከመጣ፣ ይምጣ እንጂ፣ የቋንቋውን መስመር ፈልጉ። "በሁሉም ቋንቋ፣ ለዘለዓለም" የሚል ካለ አትፈርሙ፤ የአማርኛውን መብት ለራሳችሁ አስቀሩ። በኬንያ ሕግ ድርሰት የቅጂ መብት የሚያገኘው ስለተመዘገበ ሳይሆን ስለተጻፈ ነው። ክፍያው በየት እንደሚገባም ከፊርማው በፊት ጠይቁ፤ የባንክ ሂሳብ የሌለው ሰው ቼክ ይዞ ይቀራል።

ደብተር ላይ የጻፋችሁ፣ ዛሬውኑ እያንዳንዱን ገጽ ፎቶ አንስታችሁ ለሁለት ሰው ላኩ። ዝናብም እሳትም አለ። ስልክ ላይ ስትጽፉ የዩኒኮድ ኪቦርድ ተጠቀሙ፤ በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ፋይል ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ዝብርቅርቅ ይላል። ለካምፑ አንባቢ ሃምሳ ቅጂ ብቻ ከፈለጋችሁ ግን አሳታሚም ወኪልም አትፈልጉ፤ ሪቨር ሮድ ላይ አታሚው ብዙ ነው፣ ፒዲኤፉን ልካችሁ ዋጋ ከሦስት ቤት ጠይቁ፣ የተጠረዘውን በካኩማ አውቶቡስ ያስጭኑላችኋል።